በደቦ የተፈታ ላንድሮቨር

አሮጌ መኪና ገዝቶ የሚገፋ ሽማግሌ ስታዩ አትፍረዱበት። መኪና የገዛ ይመስላችኋል እንጂ እሱ የገዛው ሃያ ዓመቱን ነው። ችግሩ ሃያ ዓመት የሚሸጠው ከነዝገቱ መሆኑ ነው። እኔም ባለፈው ሚያዝያ እዚሁ ገዳሪፍ ሃያ ዓመቴን ገዝቼ፣ በትራክተር አስጎትቼ፣ ግቢዬ ውስጥ አቆምኩት። እንዴት አድርጎኝ እንደነበር ላጫውታችሁ፤ ሥራ ያላችሁ ሥራችሁን እየሠራችሁ ስሙኝ።

በወጣትነቴ ከመተማ ቆላ ተሰድጄ ሱዳን ስገባ የመጀመሪያ እንጀራዬ የላንድሮቨር ረዳትነት ነበር። ከገላባት ገዳሪፍ ሰው እንጭናለን። ሾፌሩ መሪ ይይዛል፤ እኔ ኋላ ተንጠልጥዬ መኪናው ሲቆም እገፋለሁ፣ ሲሄድ እንዳይቆም እጸልያለሁ። ባለቤቴን ትርንጎንም ያገኘኋት እዚያው ላይ ነው። አንድ ቀን ከገላባት ተሳፈረችና ዶካ ሳንደርስ ነጭ ሸሚዜ ላይ አስመለሰች። ሌላ ሸሚዝ አልነበረኝም። እሷም አፍራ «ካላጠብኩልህ» አለች። ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፈ፣ እስከ ዛሬ ታጥብልኛለች።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። አንዲት ልጃችን ሰላም የምትኖረው ፋሽጋ ውስጥ፣ ከእርሻ ካምፕ አጠገብ ነው፤ ባሏ የትራክተር ሾፌር ነው። ዘንድሮ አረገዘች፤ የመጀመሪያዋ ነው። የበኩር ልጅ ደግሞ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። በዚህ እኛም ሱዳኖቹም አንለያይም፤ ያለዚያ አማቾች ምን ይላሉ፣ ጎረቤት ምን ይላል፣ አራሷን ማን ያርሳል? ችግሩ መንገዱ ነው። ከዶካ አልፎ ከአስፋልቱ ወጣ ካሉ በኋላ ያለው ምድር ዋልካ ነው። በበጋ የፈለገ ይሄድበታል። የሰኔ ዝናብ አንዴ ከወረደበት ግን ከትራክተር በቀር የሚያልፈው የለም። ስለዚህ ትርንጎ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ የምትለኝ አንድ ነገር ነበር።

«ዝናቡ ሳይቀድመን ልጄን አምጣልኝ።»

ብልህ ሰው ቢሆን ቦክሲ ተከራይቶ፣ ሄዶ፣ ልጁን አሳፍሮ ይመጣል። ቦክሲ የምንለው እዚህ አገር ሁሉ የሚነዳውን የጭነት ፒክአፕ ነው። እኔ ግን ብልህ ከመሆኔ በፊት የሐጅ ኢድሪስን ላንድሮቨር አየሁት። ሐጅ ኢድሪስ ሰሊጥ ነጋዴ ነው። መኪናው ከግቢው ጥግ ኒም ዛፍ ሥር ቆሟል፤ አረንጓዴ፣ አጭር፣ ክብ ዓይን፣ መሪው እንደ ድሮው በቀኝ።

ሌላው ሰው መኪና ሲገዛ ሞተር ያስነሳል፤ እኔ ወንበር አሸተትኩ። የቤንዚን፣ የአቧራና የአሮጌ ቆዳ ሽታ። ዓይኔን ጨፈንኩና ሃያ ዓመቴ መጣ። «ሞተሩ አንበሳ ነው» አለኝ ሐጅ ኢድሪስ፣ ሻይ እየቀዳልኝ። አንበሳው ስንት ዓመት እንደተኛ አልጠየቅኩትም። ዋጋ ተስማምተን ዱዓ ካደረግን በኋላ ነው የሾፌሩ ወንበር ሥር ዶሮ መታቀፏን ያየሁት።

«መኪናውን ነው የሸጥኩህ እንጂ ዶሮዋን አልሸጥኩህም» አለ ሐጁ። «እንዳትነሳ ግን። እንቁላሉ እስኪፈለፈል አንተ ጋ ትቀመጥ፤ ከዚያ ከነልጆቿ ትመልስልኛለህ።»

እንዲህ ሆኖ አንድ ላንድሮቨርና አንዲት የአደራ ዶሮ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ መኪናውን አየችው፣ ዶሮዋን አየቻት፣ እኔን አየችኝ።

«በዚህ ነው ልጄን የምታመጣት?»

«ነፍሰ ጡር በቦክሲ አትጫንም፤ ቦክሲ ያንገጫግጫል። ላንድሮቨር ግን እንደ አልጋ ነው» አልኳት።

«እንደ አልጋ? ታዲያ ያን ቀን ያስመለስኩት አልጋ ላይ ነበር?» ብላ ገባች።

መጀመሪያ መካኒክ ሠፈር ሄጄ ነበር። ወጣቶቹ እጃቸው ፈጣን ነው፤ ረክሻ አምጣላቸው፣ ሻይህን ሳትጨርስ ጠግነው ይሰጡሃል። ባለሦስት እግሯ ረክሻ ግን ሌላ፣ ላንድሮቨር ሌላ። ግቢዬ ድረስ የመጣው አንዱ መኪናውን ሦስት ጊዜ ዞረና «ኮምፒውተሩ የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዶሮዋን አሳየሁት፤ ሄደ።

እኔ በሕይወቴ ያለኝ ሙያ አንድ ነው፤ ሰው መሰብሰብ። የሰሊጥ ሠራተኞች ወኪል ነኝ። ባለእርሻ ሃምሳ ሰው ሲፈልግ ሃምሳ ሰው አመጣለሁ፤ መቶ ሲል መቶ። ከዚህ የተነሳ ምንም ዓይነት ችግር ሲገጥመኝ የሚታየኝ መድኃኒት ሰው ማብዛት ነው። ጥርሴን ቢያመኝ ሐኪም ከመፈለግ ይልቅ አሥር ሰው ጠርቼ አማክራለሁ። ያን ሰሞን ደግሞ ከጎንደር ቆላ የመጡ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ሥራ እስኪከፈት ገዳሪፍ ውስጥ ጥላ እየቀያየሩ ተቀምጠው ነበር። ዝናብ እየቀረበ፣ ሰው ሥራ ፈቶ፣ መኪና ዝጎ... ደቦ ጠራሁ።

ደቦ ታውቃላችሁ፤ ሱዳኖቹ ጎረቤቶቼ ነፊር ይሉታል። ሥራ የበዛበት ይጠራል፣ የተጠራው ይመጣል፣ ባለቤቱ ያበላል። አገር ቤት ቢሆን ጠላ ይጠመቅ ነበር። እዚህ ጠላ የጠመቀ ሰው ግን ቀጣዩን ደቦ የሚጠራው እስር ቤት ሆኖ ነው፤ ስለዚህ ሻይ በብዙ ስኳር አዘዝኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ፈተን፣ በናፍጣ አጥበን፣ መልሰን እንገጥማለን።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ጎረቤቶቼም «ነፊር ነው» ሲባል ሰምተው መፍቻና መዶሻ ይዘው ተጨመሩ። የደቦ ወግ እንዲጠበቅ ግማሹ በቀኝ፣ ግማሹ በግራ ተሰለፈ፤ አንዱ ወገን ሌላውን እንዲቀድም። ገብሬ የሚባል የአርማጭሆ ሰው፣ ከሁሉም ታላቅ ነው፣ ዘፈኑን አነሳ፤

ያንን የማዶ ብሎን ማን ይድረስለት፣
ቀኙ ጨርሶታል ግራው ሲያይበት።

እንዲህ ተብሎ ማን ይቀመጣል? ግራው ነደደ። በሮቹ ወረዱ፣ ኮፈኑ ወረደ፣ ጎማው፣ ወንበሩ፣ ካርቡራተሩ፣ ካምቢዮው። ሞተሩን በገመድ አሥረው «ሆ!» ብለው ሲያነሱት ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በኩራት ነው። ዶሮዋን ብቻ ከነጎጆዋ አንስተው ጥላ ሥር አኖሯት። ቀትር ሳይሞላ ላንድሮቨሩ ተፈቶ፣ ታጥቦ አለቀ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ የተዋጣ ደቦ አይቼ አላውቅም።

አሁን የሚመጣውን አድምጡ። የታጨደ ሰሊጥ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል፣ እንዲደርቅ፤ ሂላ ይባላል። ልጆቹ የለመዱት ይህንኑ ነው። የታጠበውን ብረት ሰብስበው በሩን ከኮፈኑ፣ ኮፈኑን ከመከላከያው አደጋግፈው ግቢዬን ሙሉ ሂላ አደረጉት። ከዚያ በሉ፣ ጠጡ፣ ተነስተው መረቁኝ።

«እንዴ፣ መግጠሙስ?» አልኳቸው።

ገብሬ ጋቢውን እያጣፋ በትሕትና አየኝ። «አያ ወኪል፣ የታጨደ ሰሊጥ መልሶ ሲተከል አይተው ያውቃሉ?»

በማግስቱ አንድ ባለእርሻ ለምንጣሮ ፈልጓቸው፣ ትራክተር ተጎታቹን ይዞ መጣና ሠላሳውንም ጭኖ ወደ ፋሽጋ ሄደ። ከትራክተሩ ላይ ሆነው እጃቸውን አውለበለቡልኝ። እኔ ባዶው ሻንሲ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

ያን ቀን ማታ ሰላም ደወለች። «አባዬ፣ መቼ ነው የምትመጣው?»

«ምን ቀረኝ ብለሽ ነው፣ የኔ ልጅ፤ ጨርሰናል እኮ» አልኳት። ይህን ስል ካምቢዮው የበግ ገንዳ ላይ ተደግፎ ነበር።

ትርንጎ ስትቆጣ ትጮኻለች፤ እሱ ጤና ነው። ዝም ስትል ግን ሰው ሽማግሌ መላክ አለበት። ሦስት ቀን ዝም አለች። በአራተኛው ቀን ግቢ መሐል ቆማ ወደ ምሥራቅ አየች።

«ደመናውን አየኸው?»

«አየሁት።»

«ልጄ ዋልካ መሐል ስታምጥ አንድ ነገር ብትሆን፣ ዕድሜ ልኬን እዚህ ብረት ላይ ተቀምጬ ነው የማለቅሰው። ይህን እወቅ።»

ያኔ ቀልዱ ሁሉ ከውስጤ ወጣ። ዶሮ፣ ሃያ ዓመት፣ የወንበር ሽታ፣ ምንም አልቀረ። የማስበው ልጄን ብቻ ሆነ። ገበያ ወጥቼ ያገኘሁትን ሁሉ «የላንድሮቨር ሰው ታውቃላችሁ?» እያልኩ ጠየቅኩ፤ አንዲት ሻይ ሻጭ ከሰል እያራገበች በማንኪያ አንድ ሽማግሌ ጠቆመችኝ።

ኡስጣ ዑስማን ይባላል፤ ኡስጣ ማለት የእጅ ሥራ ጌታ ነው። ኻርቱም ውስጥ የራሱ ጋራዥ የነበረው ሰው ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ጋራዡ ከነዕቃው ቀረ፤ ይዞት የወጣው በጨርቅ የተጠቀለለ መፍቻ ብቻ ነበር፣ እሱንም እንደ ሕፃን ታቅፎ። አማርኛ አያውቅም፤ ያወራነው በዐረብኛ ነው፣ እኔ እየተረጎምኩ ላውራችሁ። ላንድሮቨር የሚለውን ቃል ስናገር ብርጭቆውን አስቀመጠ።

ግቢዬ ሲገባ በሩ ላይ ቆመ። ሂላውን በቀኝ አየ፣ በግራ አየ።

«ሱብሐነላህ!» አለ። «እኔ ከቦንብ ሸሸሁ ብዬ፣ ለካ ቦንቡ ቀድሞኝ እዚህ ደርሷል።»

ከዚያ ሻንሲው አጠገብ ተንበርክኮ ብረቱን በመዳፉ ዳሰሰው። «ያ ዘውል፣ አንተ ሰው፣ መግጠም እችላለሁ። ግን ምኑ ከምኑ እንደወጣ፣ ምኑ መጀመሪያ እንደወረደ ካላወቅኩ ክረምቱ ያልቃል፣ እኔ አልጨርስም። ማን ያውቃል?»

ሠላሳው ሰው ፋሽጋ ነው፤ ጎረቤቶቼም የሚያስታውሱት ዘፈኑን ብቻ ነው። እኔ ያን ቀን ሻይ ሳሳልፍ ነበር የዋልኩት። ራሴን ይዤ ቁጭ አልኩ።

«መጀመሪያ የወረደው ኮፈኑ ነው» የሚል ድምፅ ከማድቤቱ መጣ። ትርንጎ ናት፣ ሊጥ በእጇ ይዛ። «ያወረደው ገብሬ ነው። ብሎኖቹ ቀይ ጨርቅ የታሠረበት ጆንያ ውስጥ አሉ። ቀጥሎ የቀኙ በር። እሱ ሰማያዊ ጨርቅ።»

በግድግዳው ሥር ከደቦው ቀን ጀምሮ የተደረደረ ጆንያ ነበር። ማሽላ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ተቀምጬበታለሁ። ለካ ሰዉ ሲዘፍን፣ እኔ ስኮራ፣ እሷ እያጉረመረመች እያንዳንዱ ሰው የፈታውን ትንሽ ትንሽ ዕቃ ከእግሩ ሥር እየለቀመች በየጆንያው አስገብታ፣ በየቀለሙ ጨርቅ አሥራ፣ በወረደበት ተራ ደርድራዋለች። እርሻ ላይ ስንሠራ የየሠራተኛውን ሂላ በጨርቅ ምልክት የምታደርገው እሷ ነበረች፤ ማን ምን እንዳጨደ ካልታወቀ በክፍያ ቀን ጠብ አለና።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ጠየቅከኝ?» አለች።

ኡስጣ ዑስማን ከተንበረከከበት ተነስቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገላት። «ኡም ሰላም» አለ፣ የሰላም እናት ማለቱ ነው፣ «በጋራዤ እንዳንቺ ያለ ሠራተኛ አልነበረኝም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ሽማግሌው የገመድ አልጋው፣ አንገሬቡ ላይ ይቀመጣል፤ ትርንጎ ከመጨረሻው ጆንያ ጀምራ አንድ አንድ እያመጣች ሰሌን ላይ ትዘረግፍለታለች። እሱ ብረቱን አገላብጦ ያያል። እሷ ትናገራለች፤ «ይህ ከዚያ ከትልቁ ሥር ነበር። የፈታው ልጅ እጁን ቆርጦታል፤ ደሙ አለ፣ እየው።» እሱ ያያል፤ ደሙ አለ። ዐረብኛዋ የገበያ ዐረብኛ ነው፣ ለቲማቲምና ለሽንኩርት የሚበቃ፤ ግን ሁለቱ ሲግባቡ እኔ አስተርጓሚው ትርፍ ሆንኩ።

የሽማግሌው እጅ ደግሞ የሚታይ እጅ ነው። የሌለ ነገር ከሌለ ነገር ይሠራል። ለሞተሩ ጓርኒሲዮን፣ ብረትና ብረት መሐል የሚገባው ስስ ማሸጊያ፣ ጠፋ፤ የስኳር ካርቶን ሞተሩ አፍ ላይ ዘረጋና ዳር ዳሩን በመዶሻ ቀስ እያለ መታው፤ ካርቶኑ ልክ በልኩ ተቆርጦ ወጣ። የውኃ ቱቦ ጠፋ፤ ከአሮጌ የትራክተር ጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ አሠረው። ዓይኑ ደክሟል፤ ብሎን ሲያጠብቅ የሚያየው ሰማይ ሰማይ ነው፣ ጣቱ ሁሉን ይነግረዋል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳሠራ ኖሬ እንዲህ ያለ ሥራ አላየሁም። የእኔ ድርሻ ሻይ ማፍላት ነበር። «ስኳር ጨምር» ይሉኛል፤ እጨምራለሁ። ጎረቤት በአጥር ሲያየኝ መጀመሪያ አፍሬ ነበር፤ በኋላ ሻይ ላይ እጄም ጥሩ ሆነ።

በዚህ መሐል እንቁላሉ ተፈለፈለ። ዶሮዋን ከነጫጩቶቿ በቅርጫት ይዤ ለሐጅ ኢድሪስ ስመልስ ሰውየው ከመደሰቱ የተነሳ አንድ ጀሪካን ቤንዚን ሰጠኝ። ቤንዚን በጠፋበት ሰሞን ነው ይህ። ዶሮ ቤንዚን ስትወልድ ያየሁት ያኔ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ሽማግሌው «ቢስሚላህ» ብሎ ሞተሪኖውን ነካው። መኪናው አሳለ። ደገመው፤ አሳለ። በአራተኛው ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሳ። የግቢው ዶሮ ሁሉ አጥር ዘለለ፤ ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ኡስጣ ዑስማን ኮፈኑ ላይ እጁን አሳርፎ፣ ከሞተሩ ጋር እየተንቀጠቀጠ፣ አለቀሰ። «ጋራዤ ቀረ» አለኝ፣ «እጄ ግን አልቀረም፣ አየህ?» አቀፍኩት። እኔም አለቀስኩ፤ ጭሱም ነበረበት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ትርንጎና እኔ መንገድ ጀመርን። ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሯል። መኪናው ሄደ ልበላችሁ እንጂ የአህያ ጋሪ ቀድሞናል፤ አህያዋ ግን መካከል ላይ ደከመችና ደረስንባት። ወደ ግራ በታጠፍኩ ቁጥር ክላክሱ በራሱ ጊዜ ይጮኻል፤ መንገደኛው ሰላም የምለው እየመሰለው እጁን ያነሳልኛል። አንድ ኬላ ላይ የቆመ ወታደር አስቆመን፤ ወረቀት ሊጠይቅ ነው ብዬ ስፈራ መኪናውን ዞሮ ዞሮ «የአያቴ መኪና!» አለና መከላከያውን መታ መታ አድርጎ አሳለፈን። ትርንጎ በመንገዱ ሁሉ መቀነቷን ጨብጣ ቃል አልተናገረችም። ሊያስመልሳት መስሎኝ ሸሚዜን ራቅ አደረግኩ።

ቀትር ላይ ሰላም ደጅ ደረስን። ልጄ ሆዷን ይዛ ወጣች። አንዱ በር አረንጓዴ፣ ሌላው ቀለሙ በናፍጣ የተላጠ፣ የኋላው በገመድ የታሠረ መኪና አየች።

«ያባ! ይኼ ነው? ላ ወላሂ፣ እኔ በዚህ አልሄድም። እዚሁ እወልዳለሁ፣ ኻላስ፣ አለቀ!»

ማተብ ያሠረች ልጄ ወላሂ ስትል ድሮ እገሥጻት ነበር፤ ያን ቀን ግን ወላሂ እውነቷን ነበር። ባሏ እርሻ ላይ ነው፣ የሚያግባባት የለም። ከሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ። እኔ «እንደ አልጋ ነው» ልል አፌን ስከፍት ትርንጎ ወረደች። ሄዳ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

«ሰላም፣ እይኝ። ይህን መኪና እኔ ነኝ የለቀምኩት። እያንዳንዷ ብሎን በዚህ እጄ አልፋለች። አንድም አልቀረ፣ አንድም አልጠፋ። አባትሽን እመኚ አልልሽም፤ እኔን እመኚ። ግቢ።»

ልጅቱ እናቷን አየቻት። ከዚያ ገባች፤ መሐላችን ተቀመጠች።

ዝናቡ አስፋልቱ ላይ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ወረደ። የዝናብ መጥረጊያው የሚሠራው በግራ በኩል ብቻ ነው፤ መሪው ደግሞ በቀኝ። ስለዚህ እኔ እነዳለሁ፣ ትርንጎ ታያለች። «ቀና በል! ወደኔ! ጉድጓድ! አሁን ያዘው!» ትላለች፤ እኔ በጭፍን እታዘዛለሁ። ከኋላችን ዋልካው እየጠቆረ እንደ ሊጥ ሲቦካ ይታየኛል። የኋላ ጎማ አንዴ ሸርተት አለ፤ ሰላም ክንዴን ያዘች። ትርንጎ ግን ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም። አስፋልት ላይ ስንወጣ ሦስታችንም አንድ ላይ ሳቅን። ያ ብረት በዚያ ቀን እንደ ሰው የሚመርቅ ቢሆን ጉልበቱን በሳምኩት ነበር።

ሰላም በአራተኛው ቀን በእናቷ ቤት አማጠች። ምጥ ቤት ወንድ ስለማይገባ ሄጄ ላንድሮቨሩ ውስጥ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል፤ ግማሹ እኔ ላይ ይወርዳል። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። እልልታው ሲሰማ መሪውን አቅፌ ማርያምን አመሰገንኩ። ቆየት ብሎ የወዲያኛው በር ተከፈተና ትርንጎ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሴት ናት» አለችኝ። «ሁለቱም ደኅና ናቸው።»

ይህን ብላ በሩን ሳበችና ዘጋችው።

«ፈርቼ ነበር» አለች፤ በሠላሳ ዓመት ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም።

«ምጡን?»

«ምጡን ማርያም ታውቅበታለች። መንገዱን።» ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠሮ ፈታችና መዳፏን ዘረጋችልኝ። አንዲት ብሎን ናት። «ሽማግሌው ጨርሻለሁ ብሎ እጁን ሲታጠብ፣ ጆንያዎቹን ሳራግፍ ወደቀች። ብናገር እንደገና ይፈታው ነበር። ዝናቡ ደግሞ ደርሷል። ዝም አልኩ።»

«ለሰላም ግን አንድም አልቀረም ብለሻት...»

«ብዬ። እኔ ብፈራ ትፈራለች፤ ብትፈራ አትገባም። ምን ላድርግ?»

እኔ ያን ቀን መንገዱን ሙሉ ስለ ሸሚዜ ሳስብ፣ ይህች ሴት በየጉድጓዱ «አሁን መሪው ሊወልቅ ነው፣ አሁን ጎማው ሊሄድ ነው» እያለች፣ ልጇን ትከሻ ለትከሻ ይዛ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ መንገድ ስታሳየኝ ነበር። እጇን ይዤ ቁጭ አልን።

ጠዋት ብሎኗን ይዤ ኡስጣ ዑስማን ጋ ሮጥኩ። ጣቱ ላይ አንከባለላት፣ ዓይኑን ሳያነሳ ሳቀ።

«ይህች ከላንድሮቨር ጋር ዝምድና የላትም። የረክሻ ናት። ከመኪናህ አንድም አልቀረ።»

አጥራችን ሥር፣ በግቢያችን በኩል፣ ረክሻ የሚያቆም ዓብዱ የሚባል ጎረቤት አለን። ሄጄ ሳሳየው ግንባሩን መታ፤ ሰሞኑን ሰው ሁሉ «ረክሻህ ምንድን ነው የሚያንቋቋው?» ሲለው ከርሟል። ሰዎቹን ሲያሳፍር የከረመው ያለሷ ነው ማለት ነው፤ እኔንም ጭምር፣ ወደ ገበያ። እዚያው ቆሜ አስገጠምኩት።

ቤት ስመለስ ትርንጎ ለአራሷ ገንፎ እያገነፋች ነበር። ማማሰያዋን ሳትለቅ ቀና አለች።

«የምኑ ናት አለህ?»

አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ «የምን ፍርሃት፣ የረክሻ ናት እኮ!» ልላት። ከዚያ ፊቷን አየሁት። ያን ሁሉ መንገድ ብቻዋን የተሸከመችውን «ባዶ ነበር» ብዬ እንዴት ላውርድባት?

«ቦታዋ ገብታለች» አልኳት።

«ተመስገን» አለች፤ ትከሻዋ ወረደ። ወደ ገንፎዋም ተመለሰች።